በጉርሻ የተሸጠው ቤት

ተረት ተረት!

በሉ መልሱ እንጂ! «የላም በረት» ያለው ማነው? ዛሬ «የመሠረት» ነው የሚባለው፤ የምነግራችሁ ስለ ቤት ነውና። አንተም እዚያ ጥግ ያለኸው፣ መጀመሪያ የያዝከውን ዋጥ። አፉ የሞላ ሰው ምን እንደሚደርስበት አሁን ትሰማለህ።

ድሮ፣ ድንጋይ እንኳ ገና ሳይጠነክር፣ ቆላም ደጋም ባልሆነ አገር ጓንጉል የሚባል ሰው ነበር። ቀንበርና ሞፈር እየጠረበ የሚያድር ባለሙያ ነው። እጁ ወርቅ ነው። ይሉኝታ የሚሉት በሽታ ግን በልጅነቱ ይዞት ሳይለቀው ቀረ። ገበያ ላይ እግሩን የረገጠውን ሰው «ይቅርታ፣ እግሬ አደናቀፈህ» የሚል ዓይነት ሰው ነው።

ሚስቱ እንጉዳይ ትባላለች። እሷን ይሉኝታ አልያዛትም፤ ቢይዛትም አይበረክትም። ስድስት ልጆች አሏቸው። የጓንጉል እናትም አብረዋቸው ናቸው። ይህ ሁሉ ነፍስ የሚያድረው በጓንጉል ታላቅ ወንድም ጓሮ፣ በአንዲት ጠባብ ጎጆ ነበር። አንዱ ሲገላበጥ ዘጠኙም ይገላበጣሉ። ወጡ ገና ሳይወርድ ማን ምን እንደሚደርሰው ጠብ ይነሳል።

የወንድምየው ሚስት ደግሞ ምላስ አላት። በየማለዳው ለዶሮዎቿ ጥሬ እየበተነች «ኧረ ጫጩት እንኳ ሲያድግ ከእናቱ ክንፍ ሥር ይወጣል» ትላለች። ዶሮዎቹ ጥሬያቸውን ይለቅማሉ። ጓንጉልም ቀንበሩን ይጠርባል። አንድ ቀን ግን ዶሮዎቹን ትታ ፊት ለፊት መጣች። «ክረምት ሳይገባ ጎጆዋን ልቀቁልኝ፤ ለጥጆቼ እፈልጋታለሁ» አለች።

ለጥጆቿ! እንጉዳይ ይህን ስትሰማ አለቀሰች። ከዚያ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገችና «ቤት እንገዛለን» አለች።

ያላቸው ሀብት አንድ ጥማድ በሬ ብቻ ነው። ጓንጉል አሥራ ሁለት ዓመት የሰው ቀንበር ጠርቦ ያገኛቸው በሬዎች ናቸው። በሬዎቹ ሄደው ቤቱ የማይረባ ቢሆን፣ ስድስት ልጅና አንዲት አሮጊት ሐምሌን ሜዳ ላይ መክረማቸው ነው። ጓንጉል ይህን ሲያስብ ሌሊት ተነስቶ በሬዎቹን ያይ ነበር።

«ቤቱን ውሃ ይቅረበው» አለች እንጉዳይ። «ቤተ ክርስቲያን ይቅረበው» አሉ እናቱ። «ግቢው ይስፋ» አለ ጓንጉል። ስድስቱ ልጆች ሰባት ሐሳብ አመጡ፤ ስምንተኛውን ሲጀምሩ እንጉዳይ በመጥረጊያ አባረረቻቸው።

በአገሩ ቢሻው የሚባል ደላላ ነበር። የሚፈልጉትን ነገሩት። «አለኝ!» አለ። ደላላ «የለኝም» ማለት አያውቅም፤ እናቱ አላስተማረችውም።

የመጀመሪያውን ቤት ውሃ ቀርቦት ነበር። ከልክ በላይ ቀርቦት ነበር። እንቁራሪት መደቡ ላይ ተቀምጣ እንግዳ ተቀበለች። ሁለተኛውን ቤተ ክርስቲያን ቀርቦት ነበር፤ በሩ የሚከፈተው ግን ወደ መቃብሩ ነው። እናቱ «ኋላ መንገድ ያሳጥርልኛል» ብለው ወደዱት፤ ልጆቹ ግን አንገባም ብለው ተንጫጩ። የሦስተኛው ግቢ ሰፊ ነበር። እንደ ልብ ያስጋልባል። «ቤቱስ የታለ?» አለች እንጉዳይ። «እሱንማ ትሠሩታላችኋ!» አለ ቢሻው።

አራተኛው የባሻ እንግዳወርቅ ቤት ነው።

ባሻ እንግዳወርቅ ከዳገቱ ላይ የሚኖርበት ጥሩ ቤት አለው፤ ይህ የሚሸጠው ደግሞ ከታች ነው። ባሻ በአገሩ የታወቀ ሰው ነው። አንገቱን ቢቆርጡት አይዋሽም። ውሸት ኃጢአት ነዋ! ማጉረስ ግን ጽድቅ ነው። ይህን ነገር ያዙልኝ።

እሑድ ዕለት እንጉዳይ ባሏን ላከችው። «ሂድና ጣራው ያፈሳል ወይ ብለህ ጠይቅ። ሌላ ነገር አታውራ» አለችው።

ጓንጉል ወደሚሸጠው ቤት ሲገባ የበሩ መቃን ግንባሩን አለው። በሩ ዝቅ ያለ ነበር። ውስጥ ግን ምንጣፍ ተነጥፏል፣ መሶብ ቀርቧል። ከመሶቡ አጠገብ ነጭ አጎዛ የለበሰች ድንጋይ አለች። «ና፣ እዚህች ላይ ተቀመጥ፤ የክቡር እንግዳ መቀመጫ ናት» አለው ባሻ። ጓንጉል ተቀመጠ።

«ባሻ፣ ጣራው…» አለ።

ጎረሰ። ባሻ እጁ አካፋ ነው። የዶሮ ፈረሰኛ ከነሥጋው፣ እንቁላል ከነአስኳሉ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ገባ።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» አለ ባሻ።

ጓንጉል እንባው እየመጣ ዋጠ። «ጣራው ማለቴ…»

«ሁለተኛው ያስታርቃል» አለ ባሻ። ገባ።

«ጣ…»

«ሦስተኛው የሥላሴ ነው፤ እምቢ ይባላል እንዴ?»

አይባልም። ጓንጉል ጎረሰ። ሲጨርስ ባሻን ቀና ብሎ አየው። እንዲህ ያጎረሰውን ሰው፣ ወጡ ከንፈሩ ላይ ሳይደርቅ፣ «ጣራህ ቀዳዳ ነው ወይ?» ብሎ እንዴት ይጠይቀዋል? አፈረ። ጥያቄው ከዶሮው ጋር ወደ ሆዱ ወረደ።

እቤት ሲደርስ እንጉዳይ በር ላይ ቆማለች። «እህ፣ ያፈሳል?»

«አሥራ ሁለት ብልት ነው» አለ ጓንጉል።

ማክሰኞ እናቱ ላኩት። «ወሰኑ የት ድረስ ነው ብለህ ጠይቀው። በወሰን የተጣላ በሰማይም አይታረቅ» አሉት።

ጓንጉል ሄደ። መቃኑ ግንባሩን አለው። አጎዛ የለበሰችው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «ባሻ፣ ወሰኑ…» አለ። ቋንጣ ፍርፍር ጎረሰ። «ወሰኑን ማለቴ…» ሁለተኛው ገባ። «ወ…» ሦስተኛው የሥላሴ ነው። ቅቤው በአገጩ ላይ ወረደ።

«ወሰኑስ?» አሉ እናቱ።

«ቅቤው የላስታ ነው መሰለኝ» አለ ጓንጉል። እናቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ።

ሐሙስ ራሱን ላከ። ዛሬስ አልቀመጥም፣ ከደጅ ቆሜ «ለምን ይሸጡታል?» ብዬ ልመለስ ብሎ ማለ። መንገዱን ሁሉ «ለምን ይሸጡታል፣ ለምን ይሸጡታል» እያለ ሄደ። ምን ዋጋ አለው! ባሻ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። በእጁ ሰፈፍ ከነማሩ ይዟል።

«ለም…» አለ ጓንጉል።

አንዱ ገባ። ሁለተኛው ገባ። የሥላሴውም ገባ። ሰፈፉ ላይኛውን ጥርስ ከታችኛው ጋር አጣበቀው። ይሄኔ ደላላው ቢሻው ከአጥር ሥር ብቅ አለና የጓንጉልን እጅ አንስቶ ባሻ መዳፍ ላይ ጣፍ አደረገው። «ጥማድ በሬ! ቅዳሜ ሽማግሌ ይቀመጥ! ተስማምተሃል?»

«እም…» አለ ጓንጉል። ሌላ ምን ይበል?

«እም አለ!» ብሎ ጮኸ ቢሻው። በአገሩ ሕግ እም ያለ ሰው ተስማማ ማለት ነው።

ጓንጉል እቤቱ ሲደርስ ማሩ ለቀቀው። «እንጉዳይ፣ በሬዎቹን በላሁአቸው» አለና ተቀመጠ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ልጆቹ ጢሙ ላይ የቀረውን ማር ያያሉ።

እንጉዳይ ዘነዘናውን አነሳች። ባሏን አየችው። አሳዘናት። ዘነዘናውን መልሳ አስቀመጠችው።

«እሑድ አጎረሰህ፣ ማክሰኞ አጎረሰህ፣ ሐሙስ አጎረሰህ» አለች። «ረቡዕ ለምን አልሄድክም?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ረቡዕና ዓርብ ገዢ አይቀበልም አሉ።»

እንጉዳይ ሳቀች። ለቅሶ ቤት እንኳ ሰው የሚያስቅ ሳቅ ነው የሳቀችው። «ነገ ምንድን ነው?» አለች።

«ዓርብ።»

«እንግዲያው ነገ ቤት አያለሁ።»

በማግስቱ በማለዳ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ጓንጉል ከኋላዋ ተከተለ። «ሰውየው አብልቶናል እኮ፤ ምን ይለናል?» ይላል በየእርምጃው። «አብልቶሃል። እኔን አላበላኝም» ትላለች።

ባሻን ከዳገቱ አስጠሩት፤ ታች ድረስ ወርዶ በሩን ከፈተ። ምንጣፍ የለም። መሶብ የለም። እንጉዳይን ሲያይ ደነገጠ።

«ዛሬ ዓርብ ነው!»

«ዓርብ ቤት አይታይም እንዴ፣ ባሻ?»

«አይ፣ ይታያል… ግቢ። ትንሽ ቆሎ ነገር ላምጣልሽ።»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አልቀምስ። እርስዎስ ዓርብን ይገድፋሉ?»

ባሻ አማተበ። እጁን አየው። ያ አካፋ የሚያህል እጅ ባዶውን ተንጠልጥሏል፤ ምን እንደሚያደርግበት ጠፋው። ጓንጉል በሩ አጠገብ ቆሞ ከባሻ ይልቅ እሱ ያልበዋል። መሬት ብትከፈት በደስታ ይገባ ነበር።

«ጣራው ያፈሳል ወይ?» አለች እንጉዳይ።

ባሻ ዙሪያውን አየ። ሳለ። ምራቁን ዋጠ። ዓርብ ነው፤ ውሸት ደግሞ ኃጢአት ነው። «አያፈስም» አለ፤ «ከሰኔ እስከ መስከረም ካልሆነ በቀር።»

«ወሰኑስ የት ድረስ ነው?»

ባሻ በአገጩ ወደዚያች አጎዛ የለበሰች ድንጋይ ጠቆመ። እንጉዳይ አጎዛውን ገፈፈችው። ድንጋዪቱ ምልክት ተቀርጾባታል። የወሰን ድንጋይ ናት! ቤቱ መካከል ላይ!

«ወሰን ገፍተው ነው?» አለች።

«ማርያምን! ወሰን መግፋት እርግማን ነው፤ እኔ ንክች አላደረግኋትም። ቤቱን ላይዋ ላይ ሠራሁት እንጂ። ከድንጋዪቱ ወዲያ ያለው የጎረቤቴ የእማሆይ ወለተ ሐና መሬት ነው። እሳቸው ደግሞ ጸሎት ያበዛሉ፣ አጥር አያዩም።»

ጓንጉል ሁለት ጊዜ ወሰኑ ላይ ተቀምጦ ስለ ወሰኑ ሳይጠይቅ መመለሱን አሰበ። ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ስንተኛ ጊዜ ነው የሚሸጡት?» አለች እንጉዳይ።

«…አምስተኛ።»

ነገሩ ወጣ። ባሻ ቤቱን በግንቦት በጥማድ በሬ ይሸጣል። ገዢው በነሐሴ ደረቱ ድረስ ይበሰብስና በአንዲት ፍየል መልሶ ይሸጥለታል። ከዚያ ወጥቶ ይሄዳል። ለማንም አይናገርም፤ በልቷላ! የበላ አፍ እንዴት ያወራል? ሁለተኛው ገዢ፣ ነገ ለውሉ የሚቀመጡት የአገሩ ሽማግሌ አያ ስንሻው ራሳቸው ነበሩ።

ጓንጉል ሲወጣ መቃኑ ግንባሩን አለው። «እግዜር አወጣን» አለ እያሻሸ። «እንተወው።»

«ትተን የት እንግባ? ከጥጆቹ ጋር?» አለች እንጉዳይ። «ግድግዳው ወፍራም ነው። ውሃው አይርቅም፣ እንቁራሪትም የለበትም። ጉድለት የሌለው ቤት ገነት ብቻ ነው፤ ከዚያም ቢሆን አዳምን አስወጡት። ቤቱን እንገዛዋለን። የነገው ድግስ ግን የኔ ነው።»

ከዚያ በቀጥታ አያ ስንሻው ዘንድ ሄደች። «አያ፣ እያወቁ ለምን አልነገሩንም?» አለቻቸው።

አያ ስንሻው አንገታቸውን ደፉ። «በልቼ ነበር፣ ልጄ። አፈርኩ» አሉ። እንጉዳይ በጆሯቸው ብዙ ነገር ነገረቻቸው። አንገታቸው ቀስ እያለ ቀና አለ።

ቅዳሜ በዚያው ቤት ሽማግሌ ተቀመጠ። የወንድምየው ሚስት ቶሎ ይውጡልኝ ብላ ሁለት ዶሮ ሰጥታለች። አያ ስንሻው ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መሐል ላይ ናቸው። እማሆይ ወለተ ሐና መቁጠሪያቸውን ይዘው ከድንጋዪቱ ወዲያ ተቀምጠዋል። ባሻን አጎዛዋ ላይ አስቀመጡት። እንጉዳይ ከጎኑ ቆመች፤ እጇን እስከ ክርኗ ታጥባለች።

አያ ስንሻው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የሽያጩ ዋጋ አንድ በሬ ነው፤ ጥማድ አይደለም። ባሻ፣ ይሁን?»

ባሻ አፉን ከፈተ። «ምን? አን…»

ጎረሰ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» አለች እንጉዳይ።

«እም!» አለ ባሻ።

«እም አለ» አሉ አያ ስንሻው። «ሁለተኛ፤ ቤቱ ለረገጠው የእማሆይ መሬት፣ ባሻ ከዳገቱ መሬቱ ለእማሆይ በልኩ ይሰጣል። ይሁን?»

ባሻ ሊነሳ ሲል ሁለተኛው ገባ። «ይሄኛው ያስታርቃል» አለች። ዓይኑ ፈጠጠ። «እም! እም!»

«ሁለት ጊዜ አለ። ሦስተኛ፤ ጣራውን ባሻ በራሱ ሣር ይከድናል። እስኪከድን ድረስ የጓንጉል ቤተሰብ በዳገቱ ቤት ይኖራል፤ ባሻ እዚህ ይኖራል። ይሁን?»

ጓንጉል እዚህ ላይ ተነሳ። ይሉኝታ ያንገላታው ጓንጉል፣ በሕይወቱ ለማንም ክፉ ያልመለሰው ጓንጉል፣ ሰፈፉን ከነማሩ ከሚስቱ እጅ ተቀበለ። «ሦስተኛው የሥላሴ ነው፣ ባሻ» አለ። «እምቢ ይባላል እንዴ?»

አይባልም። ባሻ ጎረሰ። «እ… ም» አለ።

ሽማግሌዎቹ መረቁ፣ አሜን ተባለ፣ ነገሩ አለቀ። ደላላው ቢሻው ወደ በሩ እያፈገፈገ ነበር፤ መቃኑ ማጅራቱን አለው።

ማሩ ሲለቀው ባሻ ጮኸ። «አልተስማማሁም! አፌ ሞልቶ ነው እም ያልኩት!»

አያ ስንሻው ዘንጋቸውን ተደግፈው ተነሱ። «ልክ ነህ» አሉ። «አፉ ሞልቶ እም ያለ ሰው አልተስማማም ካልክ፣ ውሉ ይፍረስ። የዚህኛው ብቻ ግን አይደለም። እኔም በዚህ ቤት አፌ ሞልቶ ነው እም ያልኩት። ከኔ በፊት የገዛውም፣ ከኔ በኋላ የገዙትም። የአራታችንንም ጥማድ በሬ አምጣና ሁሉም ይፍረስ።»

ባሻ አፉን ከፈተ። ማንም አላጎረሰውም። በጣቱ ቆጠረ፤ ስምንት በሬ ሆነበት።

«ይሁን» አለ በመጨረሻ። «ሣሩን ሰኞ አሳጭጄ እከድናለሁ።»

«የምን ሣር?» አሉ እማሆይ፣ መቁጠሪያቸውን ሳያቋርጡ። «የክዳን ሣር የሚታጨደው በኅዳር ነው፣ ልጄ።»

እንዲህ ሆነ። ክረምቱ ገባ። ስድስቱ ልጆች በዳገቱ ቤት እንደ ልባቸው ተንከባለሉ። የጓንጉል እናት ግን «ቤተ ክርስቲያኑ ራቀ» እያሉ ማጉረምረማቸውን አልተዉም፤ ሰው ሙሉ በሙሉ አይደሰትም። ባሻ ከታች ጠብታውን በገንቦ ሲቀበል፣ በድስት ሲቀበል፣ በመጨረሻ በቆቡ ሲቀበል ከረመ። በዚያ ቤት የማያፈስበት ቦታ ከድንጋዪቱ ወዲያ ያለው ጥግ ብቻ ነው። ወደዚያ ሸርተት ሲል፣ የዳገቱ መሬት ገና ያልተለካላቸው እማሆይ በመስኮት ብቅ ብለው «ባሻ፣ ወሰን!» ይሉታል። ተመልሶ ይበሰብሳል።

በኅዳር ሣሩ ታጨደ። ባሻ የከደነውን ዓይነት ጣራ በአገሩ የለም፤ ጠብታ አያሳልፍም። ጓንጉልና እንጉዳይ ልጆቻቸውን ይዘው ገቡ። መቃኑ አሁንም ዝቅ ያለ ነው። መጥረቢያ የያዘ ባለሙያ ሆኖ ሳለ ጓንጉል አላነሳውም፤ በየቀኑ ግንባሩን ሲለው «የቤቴ መቃን ነው» እያለ ይስቃል።

ለቤቱ ምርቃት ጎረቤት ሁሉ ተጠራ። ባሻም መጣ። እንጉዳይ ጠቅልላ «ይጉረሱ» ብላ እጇን ስትዘረጋ፣ ባሻ አፉን በሁለት እጁ ያዘ። «ቆይ! መጀመሪያ ልጠይቅ» አለ። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ፤ ጣራው ግን ንቅንቅ አላለም።

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም። ይህ የአባቶች ነው። የኔን ደግሞ ጨምሩበት፦ ቤት በፆም ቀን ይታያል።

በሉ፣ ተረቴ እዚህ ላይ ጣራው ተከደነ። እኔን ዳቦ አጉርሱኝ፤ እናንተ ግን ጥያቄ ያላችሁ፣ ሳትጎርሱ ጠይቁ።